ከማይለቅ ማሳከክ እፎይታ ስለ ማግኘት
(ደሴ ላይ ለወላጆችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ መምህራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? አሰላሙ አለይኩም፤ ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ብርድ ሥራችሁን ትታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ልጆቻችሁን አዝላችሁ ከኩታበርና ከሐይቅ ድረስ ስለ መጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ራሱን ያመመውን ሰው ምን እንለዋለን? «እግዜር ይማርህ»፣ «አላህ ያሽርህ» እንለዋለን። ቆዳው የሚያሳክከውንስ? «ማከክህን ተው» እንለዋለን። እንደ በሽተኛ አናየውም፤ ሥነ ሥርዓት እንደ ጎደለው ሰው እናየዋለን። ሌሊቱን ሙሉ ሲያገላብጠው ያደረውን ልጅ ጠዋት ትምህርት ቤት አንቀላፋ ብለን እንቆጣለን። እናቱም ከእርሱ ጋር ነቅታ እንዳደረች የሚያስታውስላት የለም። ከስድስት ሳምንት በላይ የቆየ ማሳከክ በሕክምናው ዓለም ሥር የሰደደ ሕመም ተብሎ በራሱ የሚታይ ነው። ሕመም ነው። ይህን ከተቀበልን ሌላው ሁሉ ይቀልልናል።

እኔ በሙያዬ የጤና መኮንን ነኝ፤ የቆዳ ሕሙማንን በማየት ዓመታት አሳልፌአለሁ። ከሙያዬ አስቀድሞ ግን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ችፌ ያለብኝ ሰው ነኝ። ዛሬ ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው የሚያሳክከን ምን እንደ ሆነ ለይቶ ስለ ማወቅ ነው። ሁለተኛው ቆዳን በየቀኑ ስለ መንከባከብ ነው። ሦስተኛው ስለ መድኃኒት ነው፤ መድኃኒትን አብዝቶ ስለ መፍራትና አለአግባብ ስለ መድፈር። ሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ እፎይታው ያለው እዚያ ነውና።

አንደኛውን ልጀምር። ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብትና በወገብ ዙሪያ ትንንሽ ሽፍታ የሚያወጣ ማሳከክ ካለ፣ በዚያው ቤት ውስጥም ሌላ የሚያሳክከው ሰው ከተገኘ፣ አስቀድመን የምንጠረጥረው እከክን ነው። እከክን የምታመጣው በዓይን የማትለይ ጥቃቅን ተባይ ናት፤ የላይኛውን ቆዳ ሰርስራ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ማሳከኩ የሚጀምርበት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ዘግይቶ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ምንም የማይሰማው የቤተሰብ አባልም ተባይዋን ይዞ ሊሆን ይችላል። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በክልላችን በብዙ ወረዳዎች እከክ በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ እንደ ነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ውኃ ሲጠፋና ብዙ ሰው በአንድ መደብ ላይ ተጨናንቆ ሲያድር እከክ መንገድ ያገኛል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2017 ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

ከሐርቡ አካባቢ የመጣች አንዲት እናት አስታውሳለሁ። ልጇ በትክክል ታይቶ፣ ትክክለኛው ቅባት ታዞለት፣ ድኖ፣ እንደገና ተይዞ ነበር። እንደገና ታከመ፤ እንደገና ተመለሰበት። እርሷም «መድኃኒቱ ውኃ ነው፤ አይሠራም» ብላ ደምድማ ነበር የመጣችው። ልጁ ከማን ጋር እንደሚተኛ ስጠይቃት ከሁለት እኅቶቹና ከአያቱ ጋር በአንድ ብርድ ልብስ እንደሚያድር ነገረችኝ። ከእነርሱ መካከል አንድም ሰው አልተቀባም ነበር። እከክ የሚድነው በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ፣ የሚያሳክከውም የማያሳክከውም፣ በአንድ ሌሊት ሲቀባ ነው። ፐርሜትሪን የተባለው ባለ 5 በመቶ ቅባት ከአንገት እስከ እግር ጣት፣ የጣቶች መካከልና የጥፍር ሥር ሳይቀር ይቀባል፤ ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ይታጠባል፤ ከሳምንት በኋላም ይደገማል። የሕፃናት ራስና ፊት እንዲሁም የነፍሰ ጡር እናቶች አቀባብ ለየት ስለሚል የጤና ባለሙያውን ጠይቁ። በዚያው ቀን የተለበሰውና የተነጠፈው በፈላ ውኃ ይታጠብ፤ መታጠብ የማይችለው በፌስታል ታስሮ ለሳምንት ይቀመጥ። ተባይዋ ከሰው ገላ ርቃ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ አትኖርም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ፦ ተባይዋ ከሞተችም በኋላ ማሳከኩ ለጥቂት ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። አልዳንኩም ብላችሁ መድኃኒቱን በየቀኑ አትደጋግሙት፤ ቆዳውን ያቃጥለዋል።

በዚህ አካባቢ ሌላው ከልብ የሚያስፈራን የሥጋ ደዌ ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማን የታከሙበት በመሆኑ፣ ዛሬም አንዳንድ ሰው ቆዳህን ቦሩ ሜዳ ሄደህ ታይ ሲባል ፊቱ ይለዋወጣል። ሰው ያየኛል ብሎ ይፈራል። እባካችሁ ይህን ፍርሃት ከቤታችሁ አውጡት። የሥጋ ደዌ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ አያሳክክም፤ ይደነዝዛል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጥጥ ጫፍ ቢነኳችሁ አይሰማችሁም። ቆዳው ነጣ ብሎ ወይም ቀላ ብሎ የደነዘዘበት ሰው ሳይውል ሳያድር ይታይ፤ በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። የሚያሳክካችሁ ግን የቆዳ ሐኪም ዘንድ ስለ ተላካችሁ ብቻ አትደንግጡ።

ቆዳው ላይ ምንም ሳይታይ መላ ሰውነቱን የሚያሳክከው ሰውስ? እርሱ ቅባት ከመግዛቱ በፊት ደሙን ይመርመር። የኩላሊት፣ የጉበት፣ የእንቅርት ዕጢ ሕመምና የብረት ማዕድን እጥረት በማሳከክ ሊገለጡ ይችላሉ። በእርግዝናዋ የመጨረሻ ወራት ላይ ያለች እናት መዳፏንና የውስጥ እግሯን አጥብቆ ካሳከካት ነገ ከነገ ወዲያ ሳትል ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ ለፅንሱ አስጊ የሆነ የጉበት ችግር ሊሆን ይችላል።

ስለ ሂናም አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ እናቶች ትቀየሙኛላችሁ። በወሎ ሠርግ ያለ ሂና አይደምቅም። ንጹሑ ሂናና እንሶስላ ብዙም ሰው አይጎዱም። ጉዳቱ የሚመጣው ቶሎ እንዲጠቁር ተብሎ ጥቁር የፀጉር ቀለም ሲደባለቅበት ነው። ቀለሙ ውስጥ ፓራፊኒሊንዲያሚን የተባለ ኬሚካል አለ። ከሠርጉ ቀናት በኋላ የሙሽራዋ እጅ በአበባው ቅርጽ ልክ ያብጣል፤ ውኃ ይቋጥራል፤ አጥብቆ ያሳክካል። አንድ ጊዜ እንዲህ የደረሰባት ሴት ገላዋ ኬሚካሉን ዕድሜዋን ሙሉ አይረሳውም፤ በኋላ ፀጉሯን ስትቀባ ፊቷ ሊያብጥ ይችላል። ስለዚህ ዱቄቱ አረንጓዴ፣ ቀለሙም ቡናማ ወይም ብርቱካናማ ከሆነው በቀር «ጥቁር ሂና» የሚባለውን በልጆቻችሁ እጅ ላይ አታስደርጉ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ ችፌ ልምጣ።

ችፌ በውጭ አገር የሕክምና መጻሕፍት ሥዕል ላይ ቀይ ሆኖ ነው የሚታየው። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላቱን ፈልጋችሁ ላታገኙት ትችላላችሁ። በእኛ ላይ ጠቆር፣ ግራጫ ወይም ወይን ጠጅ መሰል ሆኖ፣ በየፀጉሩ ሥር ትንንሽ ጠብታ የመሰለ ሸካራ ነገር ያወጣል። የክርን መታጠፊያን፣ የጉልበትን ጀርባ፣ አንገትን፣ የእጅ አንጓን ይመርጣል። ዘመናት ሲታከክ የኖረ ቦታ ይወፍራል፤ መስመሮቹም ጥልቅ ይሆናሉ። ሲድን ቦታው ለወራት ጠቁሮ ወይም ነጥቶ ይቆያል። ነጣ ሲል ለምጽ ነው ብላችሁ አትደናገጡ። ቀለሙ በዝግታ ይመለሳል።

ችፌ አይተላለፍም። ደግሜ እላለሁ፣ ችፌ አይተላለፍም። አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመተኛት፣ በመሳሳም፣ በአንድ ፎጣ በመጠቀም አይተላለፍም። በቤተሰብ ውስጥ የሚታየው ዝንባሌው ስለሚወረስ ነው፤ አስም ወይም የአለርጂ ሳይነስ ባለበት ቤት ችፌም ይበዛል።

ለምን ያሳክካል? ጤነኛ ቆዳ በጥሩ ግንበኛ እጅ እንደ ተሠራ የድንጋይ ግንብ ነው፤ ድንጋዮቹ የቆዳ ሴሎች ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው ጭቃ ደግሞ ስብ ነው። ችፌ ባለበት ሰው ጭቃው ሳስቷል። ስለዚህ የቆዳው እርጥበት ወደ ውጭ ይሾልካል፤ አቧራው፣ ሳሙናው፣ ጀርሙ ወደ ውስጥ ይገባል። ሰውነት ይህን ሲያይ ይቆጣል፤ ቁጣው ማሳከክን ይወልዳል፤ ማከክ ቆዳውን ይብሱን ይቀዳድዳል፤ የተቀደደው ቆዳ ደግሞ መልሶ ያሳክካል። እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዎች ፊላግሪን የተባለው የቆዳ ፕሮቲን ጉድለት በብዙ አውሮፓውያን የችፌ ሕሙማን ላይ እንዳለ አሳይተዋል። በኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ግን ይህ የዘር ጉድለት በእኛ ዘንድ እምብዛም እንዳልተገኘ ገልጿል። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት ችፌ ወደ ቆዳ የሚገባበት በር ብዙ መሆኑን ነው። በየትኛውም በር ይግባ፣ ቆዳው ይደርቃል፤ የደረቀውን ማርጠብ ደግሞ በእጃችን ያለ ነገር ነው።

ያደግሁት ኩታበር ነው። ብርዱን ታውቁታላችሁ። ከጥቅምት በኋላ ሰማዩ ጠርቶ ደረቁ ነፋስ ሲነሣ የክርኔና የጉልበቴ ቆዳ ይሰነጠቅ ነበር። አያቴ ማታ ማታ እግሬንና እጄን ለብ ባለ ውኃ ታጥበኝና በነጠላ ጫፍ ጠብ ጠብ ታደርገኛለች፤ አትፈትገኝም። ከዚያ ክርኔን ወደ ኩራዙ አዙራ፣ ገላዬ እርጥበቱ ሳይጠፋ ቅመም ያልገባበትን ለጋ ቅቤ በአውራ ጣቷ ከላይ ወደ ታች ትቀባኛለች። ወደ ላይ መልሳ አታሸውም ነበር። በመጨረሻ ከአሮጌ ኩታ የተቀደደ ጨርቅ እጆቼ ላይ ጠቅልላ፣ ጥፍሬ ገላዬን እንዳያገኝ ላላ አድርጋ ታስርልኛለች። ታላላቅ እኅቶቼ ቅቤው ይሸታል ብለው ከአጠገቤ ሲሸሹ «አንቺ ጀባ በያቸው፤ እነርሱ ብርዱን ይታቀፉ» ትለኝ ነበር።

ተምሬ ስመጣ ያገኘሁት ምን መሰላችሁ? ለብ ያለ ውኃ፣ ያለ ፈተጋ ማድረቅ፣ ቆዳው ሳይደርቅ መቀባት፣ በፀጉሩ አቅጣጫ ወደ ታች መቀባት፣ ጥፍርን ከገላ ማራቅ፤ ይህ ሁሉ ዛሬ ሐኪሞች በጽሑፍ የሚያዝዙት ነው። ዛሬ የምለውጠው ቅቤውን ብቻ ነው። ቅቤ ይበላሻል፤ በተቆጣ ቆዳ ላይ የወተት ፕሮቲን መቀባትም ለሕፃን ደግ አይደለም። በቅቤው ፈንታ ሽታና ቀለም የሌለውን ቫዝሊን ተጠቀሙ። ከየሱቁ የምታገኙት ተራው ቫዝሊን የቆዳን እርጥበት በመያዝ ረገድ ከብዙ ውድ ሎሽኖች ይበልጣል። መዓዛ ያለው ሎሽን ደስ ይላል፤ ለችፌ ግን መዓዛው ራሱ የሚያስቆጣ ነው። ቫዝሊን ያጣ ሰው የሱፍ ዘይት ይቀባ። የወይራ ዘይት ለዚህ ጉዳይ አይመከርም፤ የቆዳውን መከላከያ ያሳሳዋል።

አስተጣጠቡን በሚገባ ያዙልኝ። ውኃው ለብ ያለ ይሁን፤ የሚያሳክከው ሰው ትኩስ ውኃ ይወዳል፤ ለጊዜው ያስታግሰዋልና። ቆይቶ ግን ብሶ ይመለስበታል። ለመታጠብ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይበቃል። የልብስ ሳሙና ገላን አይንካ። መዓዛ የሌለው ለስላሳ ሳሙና በብብት፣ በብሽሽትና ከቁርጭምጭሚት በታች ባለው እግር ላይ ብቻ ይበቃል፤ ክንድና የቀረው እግር በውኃ ብቻ ይጸዳሉ። ከውኃ በወጣችሁ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ተቀቡ። ውዱእ የምታደርጉ ወገኖቼ፣ በቀን አምስት ጊዜ የሚታጠብ እጅና እግር በዚህ ብርድ ቶሎ ይደርቃል፤ ከውዱእ በኋላ ውኃውን ጠብ ጠብ አድርጋችሁ ተቀቡ። ጠበል የምትጠመቁም ቤት እንደ ደረሳችሁ እንዲሁ አድርጉ። እምነታችሁን የሚነካ ነገር እየተናገርኩ አይደለም፤ ውኃ ሲደርቅ ከቆዳው እርጥበት ይዞ እንደሚሄድ ነው የምነግራችሁ።

ምን ያህል ይቀባ? አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መላ ሰውነቱ የደረቀ አዋቂ በሳምንት ከ250 እስከ 500 ግራም ቅባት ያስፈልገዋል፤ ልጅ ደግሞ የዚያን ግማሽ ያህል። ትልቁ የቫዝሊን ዕቃ ዓመት ከቆየላችሁ አልተቀባችሁም ማለት ነው። ቆዳው ደህና በሆነበት ሳምንትም መቀባት አይቋረጥም። ይህ ነው የሚከብደው። ሰው ሲያመው ይቀባል፤ ሲሻለው ይተዋል፤ ሲተወው ይመለስበታል፤ ከዚያ «ሁሉንም ሞከርኩ፣ ምንም አልሠራልኝም» ይላል።

ለምሽቱ የሚሆን ምክር አለኝ። ማሳከክ ሌሊት የሚብሰው ገላ ስለሚሞቅ፣ የሰውነት የራሱ የቁጣ ማብረጃ ሆርሞን ሌሊት ስለሚቀንስ፣ ሐሳብን የሚወስድ ሥራም ስለሌለ ነው። እኛ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብርድ ስንሸሽ በባና ላይ ባና እንደርባለን። ባና ሱፍ ነው፤ ሱፍ ገላ ላይ በቀጥታ ሲያርፍ ያሳክካል። ባናውን አትጣሉት፤ ከሥሩ የጥጥ ጋቢ ወይም ያረጀ አንሶላ አድርጉ። ልጁ በጥጥ ልብስ ይተኛ፤ ከምድጃው ራቅ ይበል፤ ጥፍሩ በየሳምንቱ ይቆረጥ። ነቅቶ ሲያለቅስ «አትንካው» ከማለት በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ የሚያሳክከው ቦታ ላይ ጫን አድርጉለት፤ ከዚያ መልሳችሁ ቀቡት። በቆላ ያላችሁ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ታች ያላችሁ ደግሞ ችግራችሁ ላብ ነው፤ ላቡን ቶሎ አለቅልቁት፤ ቅባቱን ቀጭን አድርጉት።

ስለ ባህል መድኃኒት ትጠይቁኛላችሁ። ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ላምባ፣ የባትሪ ድንጋይ ዱቄት በችፌ ላይ አታድርጉ። ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ታስሮ ካደረ ቆዳን እንደ እሳት ይለበልባል፤ እንዲህ ሆኖ የመጣ ሕፃን ክንድ ላይ የሽንኩርቱ ቅርጽ በውኃ ቋጠሮ ታትሞ አይቻለሁ፤ የእናቱ እንባ አልቆመም ነበር። በፍቅር ያደረገችው ነው። ፍቅሯ ላይ ነቀፋ የለኝም፤ እኔ የምፈልገው የሚረዳትን ነገር በጊዜ የሚነግራት ሰው እንዲኖር ነው።

ምግብንም በሚመለከት፣ ለልጁ ችፌ አለበት ተብሎ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ስንዴ አንድ በአንድ ሲከለከል እናያለን። የምግብ አለርጂ ያላቸው ሕፃናት በእርግጥ አሉ፤ ምግቡን በበሉ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከንፈራቸው የሚያብጥ፣ የሚያስመልሳቸው፣ መላ ገላቸው የሚንደበደብ ልጆች ይመርመሩ። ከዚህ ውጭ በግምት መከልከል ችፌውን ሳያድን ልጁን ያቀጭጨዋል።

ሦስተኛው ነጥብ መድኃኒት ነው። ቫዝሊን ብቻውን የተቆጣውን ቆዳ አያበርደውም፤ ስቴሮይድ የተባለው የቁጣ ማብረጃ መድኃኒት ያለበት ቅባት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣል። አንደኛው ስቴሮይድ የሚለውን ቃል ሰምቶ የሚሸሽ ነው፤ ታዞለት ገዝቶ፣ ለአንድ ቀን እንደ ሽቶ ነካ ነካ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛው ጠንካራውን ክሎቤታሶል ያለ ሐኪም ገዝቶ ለወራት ፊቱ ላይ የሚቀባ ነው፤ ፊቱም ሳስቶ፣ ደም ሥሩ ወጥቶ፣ ብጉር ሞልቶበት ይመጣል። በኮንትሮባንድ ከሚገቡ የቆዳ ማቅያ ቅባቶች ውስጥ ብዙዎቹ ይህንኑ ጠንካራ ስቴሮይድ የያዙ ናቸው። ፊታችሁን አደራ እላችኋለሁ።

መካከለኛው መንገድ ግልጽ ነው። ለፊት፣ ለአንገት፣ ለብብትና ለብሽሽት እንደ ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ ያለ ለስላሳው ይበቃል። ለክንድና ለእግር እንደ ቤታሜታዞን ወይም ሞሜታዞን ያለ ጠንከር ያለው በሐኪም ይታዘዛል። መጠኑን በጣታችሁ ለኩ። እስቲ ሁላችሁም አመልካች ጣታችሁን ዘርጉ። ከጣቱ ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ ቅባቱን በቀጭኑ ጭመቁ፤ ይህ ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ ሁለት የአዋቂ መዳፍ ጣቶቹ ሳይቀሩ የሚያህል ቆዳ ይሸፍናል። የልጃችሁ የታመመ ቆዳ አራት መዳፋችሁን ቢያህል የሁለት ጣት ጫፍ ያስፈልጋችኋል። በቀን አንድ ጊዜ ወይም እንደ ታዘዘው ሁለት ጊዜ፣ ሸካራው ለስልሶ ማሳከኩ እስኪቆም ድረስ ቀቡት፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃል። ግማሽ መንገድ ላይ ያቆመ ሰው ያልጠፋ ፍም ትቶ ሄዷል። ችፌው ቶሎ ቶሎ የሚመለስበት ሰው ቆዳው ከዳነ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በለመደው ቦታ ላይ እንዲቀባ ሐኪሙ ሊመክረው ይችላል።

ጭርት ላይ ግን ስቴሮይድ አይቀባ። ጭርት ክብ ሆኖ ጠርዙ ሸካራ፣ መካከሉ ጠራ ያለ ነው፤ ፈንገስ ነው። ስቴሮይድ ሲቀባ ለጥቂት ቀን ይቀዘቅዝና እየሰፋ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ባለሙያም ለይቶ ለማወቅ ይቸገራል። እከክም እንዲሁ ይደበቃል። ሳይታይ ቅባት መግዛት የሚጎዳው ለዚህ ነው።

እንቅልፍ የሚያመጡት የአለርጂ ክኒኖች ለጥቂት ሌሊት ልጁ እንዲተኛ ሊረዱ ይችላሉ፤ የችፌን ማሳከክ ከሥሩ አያቆሙም፤ በየቀኑ የሚዋጡ መድኃኒቶች ተደርገው አይታዩ። በዚህ ሁሉ ያልበረደ ችፌ ያለበት አዋቂ ተስፋ አይቁረጥ፤ የብርሃን ሕክምና አለ፤ እንደ ሜቶትሬክሴት ያሉ በደም ምርመራ ክትትል የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ ዱፒሉማብ የተባለ ማሳከክን የሚቀሰቅሱ መልእክቶችን የሚያግድ መርፌ ተፈቅዷል፤ ዋጋው እጅግ ውድ በመሆኑ ለእኛ ታካሚዎች ገና ሩቅ ነው። እኔ በየቀኑ የማያቸው አብዛኞቹ ልጆች ግን ያን መርፌ የሚጠብቅ ደረጃ ላይ አይደሉም። ቫዝሊን፣ ትክክለኛ ስቴሮይድ፣ የሚያስተኛ ሌሊት ይፈልጋሉ። ብዙዎቹም ወደ ጉርምስና ሲደርሱ በእጅጉ ይሻላቸዋል።

መምህራን ሆይ፣ ለእናንተ የተለየ ልመና አለኝ። ችፌ ያለበትን ልጅ ከጓደኞቹ አርቃችሁ አታስቀምጡት። አንድ አባት፣ ልጁ ብቻውን ወንበር ተሰጥቶት ክፍሉ ጥግ እንዲቀመጥ ከተደረገ በኋላ ትምህርት ቤት አልሄድም ማለቱን ሲነግረኝ ድምፁ ተቆርጦ ነበር። ልጁ ሂሳብ የሚወድ፣ ሰሌዳ ላይ ለመውጣት እጁን የሚያወጣ ልጅ ነበር፤ እጅጌው ሲገለጥ ክርኑ ይታያል ብሎ እጁን ማውጣት ተወ። ቅባቱን በቦርሳው ይዞ ይግባ፤ እረፍት ላይ ይቀባ። ከፀሐይና ከአቧራ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። የክፍሉ ልጆች ቢጠይቁ «አይተላለፍም» ብላችሁ በግልጽ ንገሯቸው፤ ከእናንተ አፍ ሲሰሙት ያምናሉ።

በመጨረሻ፣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱትን ምልክቶች ያዙልኝ። ችፌው መግል ከያዘ፣ ማር የመሰለ ቅርፊት ካወጣ፣ ዙሪያው ሞቆ ካበጠ፣ ጀርም ገብቶበታልና መድኃኒት ያስፈልገዋል። ልጁ አተኩሶት፣ ችፌው ላይ አንድ ዓይነት መጠን ያላቸው ትንንሽ ውኃ የቋጠሩ ወይም ተበስተው የወጡ የሚመስሉ ቁስሎች በድንገት ከፈሉ፣ በተለይም በዓይኑ አካባቢ ከሆኑ፣ በዚያው ቀን ውሰዱት፤ ሌሊትም ቢሆን ውሰዱት። ከአፍ ዳር ቁስል የሚመጣ ቫይረስ ነው፤ በጊዜ ከተደረሰበት የሚታከም ነው። ለዚህም ነው ከንፈሩ ላይ የብርድ ቁስል ያወጣ ሰው ችፌ ያለበትን ሕፃን እንዳይስም የምንለምነው።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች ትንሽ ቆዩልኝ፤ የቅባቱን መጠን በጣት እንዴት እንደምትለኩ በየተራ አሳያችኋለሁ። አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ፤ በሰው ፊት መጠየቅ የከበደው በወረቀት ጽፎ ያቀብለኝ።